የታራስና የሉዳ ሚዜ

ዘገየ ረግቶ መቀመጥ አልተፈጠረበትም። አትላንታ አጠገብ፣ ሊቶኒያ ባለው ቤቱ ሳሎን ውስጥ ዜናውን አንዱ ወንበር ላይ ጀምሮ ሌላው ላይ ይጨርሳል። ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ሲነዳ ውሎ ሲገባ፣ ሌላው ሰው ቢሆን ጫማውን አውልቆ ጋደም ይል ነበር። እሱ ግን ቁልፉን ከእጁ ሳያስቀምጥ "ቆይ፣ ጋዝ ሞልቼ ልምጣ" ብሎ ተመልሶ ይወጣል። የመኪናው ታንክ ከግማሽ በታች ወርዶ አያውቅም። አሜሪካ ከገባ ጀምሮ ክላርክስተን ውስጥ አፓርትመንት ሲቀያይር ቆይቶ ፓይን ሌክ ተከራየ፤ ከዚያ ነው ሊቶኒያ የገባው። እሱንም ቤት የገዙት ባለቤቱ አያንቱ "ከዚህ በኋላ ዕቃዬን የማሽገው ለመቃብር ነው" ብላ አሻፈረኝ ስላለች ነው።

ልጃቸው ሚካኤላ አሜሪካ ያደገች ፋርማሲስት ናት። "ዳዲ ላይክ፣ አንዛይቲ፣ የጭንቀት ነገር አለው። የሆነ ሰው ሊያየው ይገባል" ትላለች። አያንቱ ግን የባሏ በሽታ ከየት እንደያዘው ታውቃለች።

"ኻርኮቭ ነው የያዘው" ትላለች። "ማታ የተኛበት አገር ሲነጋ አልነበረም። እንዲህ የሆነ ሰው ምን ላይ ይቀመጥ?"

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አራት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ዝናባማ እሁድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። የደወለችው ሉዳ ነበረች፤ ድምጿ እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ይንቃቃል።

"ዤኒያ፣ ና" አለችው በሩሲያኛ። በወጣትነታቸው "ዘገየ" የሚለው ስም አልያዝላት ሲል ያወጣችለት ስም ነው። "ዛሬውኑ ና። ወይ እሱን ከዚህ ቤት ውሰድልኝ፣ ወይ እኔን ውሰደኝ።"

አያንቱ ለቤተ ክርስቲያን ለብሳ በር ላይ ቆማ ነበር። "ማን ናት?" አለችው።

"ሉዳ ናት። ከታራስ ጋር ተጣልተው ነው።"

"ሂዳ እንግዲህ። ሚዜያቸው አይደለህ?" አለችና ዓይኑን ሳታየው ዣንጥላዋን ይዛ ወጣች።

ከፋሲካ ወዲህ በቤታቸው እንዲህ ነበር ኑሮው። እሱ ሳሎን ዜና ያያል፣ እሷ መኝታ ቤት ሌላ ዜና ታያለች። ከ"ቁልፉ የታለ" እና ከ"ወተት አልቋል" ያለፈ ወሬ የለም። ምክንያቱን ዘገየ አላጣውም። እሷ የአምቦ ኦሮሞ ናት፣ እሱ የደብረ ማርቆስ አማራ ነው። ይህ ነገር በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ከቀልድ አልፎ አያውቅም ነበር። አሁን ግን አምቦ ላይ ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ጥይት ተተኩሶባቸው፣ የወንድሟ ልጅ ኦብሳ ታፍሶ የት እንደገባ አልታወቀም። ይህንንም ያወቀው ነግራው አይደለም። መታጠቢያ ቤት ዘግታ በኦሮምኛ ስታለቅስ የልጁን ስም ሰምቶ ነው። "ስትነግረኝ እጠይቃታለሁ" ብሎ ዝም አለ። ዝምታው ግን ውሎ ሲያድር እንደ ሊጥ እየኮመጠጠ ሄደ።

ታራስና ሉዳ ያሉበት ማሪዬታ ከሊቶኒያ አትላንታን አቋርጦ ማዶ ነው። ዘገየ የመኪናውን የዝናብ መጥረጊያ እያንቀጫቀጨ ሃይዌይ ላይ ወጣ።

ታራስና ሉዳን የተዋወቃቸው ለመንገድ ሥራ ትምህርት ሶቪየት ዩክሬን፣ ኻርኮቭ በተላከ ጊዜ ነበር። ታራስ ከምዕራብ ዩክሬን፣ ከቴርኖፒል አካባቢ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ ሉዳ ከዶኔትስክ ጎን ካለች የከሰል ማውጫ ከተማ የመጣች የሩሲያዊ ማዕድን ቆፋሪ ልጅ ናት። በአንድ ፎቅ፣ በአንድ ኩሽና ድንች አብረው ይጠብሱ ነበር። በዚያን ጊዜ ማን ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ ወይም ዘገየ አልታየውም። ሲጋቡ ታራስ የአገሩን ልጆች ሁሉ ትቶ "ሚዜዬ ዤኒያ ነው" አለ። ዘገየ በተዋሰው ኮት ቆሞ ፈረመላቸው።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። ግንቦት ላይ አገር ቤት የደርግ መንግሥት ወደቀ። የዘገየ የዶርም ጓደኛ ዮናታን የአስመራ ልጅ ነበር፤ ሬዲዮኑን ሰምቶ ሲያበቃ ትራሱንና ብርድ ልብሱን ይዞ ወደ ሌላ ክፍል ዞረ። አልተጣሉም፤ ክፉ ቃል አልተነጋገሩም። ብቻ ከዚያ ቀን በኋላ አብረው አልበሉም። በረዶው ሲመጣ ደግሞ ዩክሬን ነጻ አገር ትሁን አትሁን ተብሎ ሕዝቡ ድምፅ እንዲሰጥ ተጠራ። ታራስና ሉዳ እጅ ለእጅ ተያይዘው ድምፅ ወደሚሰጥበት ትምህርት ቤት ገቡ፤ አራስ ልጃቸውን ኦክሳናን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ውጭ በረዶ ላይ የጠበቃቸው ዘገየ ነበር። ሁለቱም "ትሁን" ብለው እየሳቁ ወጡ። ወሩ ሳያልቅ ሶቪየት ኅብረት የሚባለው አገር ጠፋ። ዘገየ የዚያን ዕለት ወተት ሰልፍ ላይ ነበር። አገር ሲሞት አንድ ትልቅ ድምፅ የሚሰማ ይመስለው ነበር፤ የተሰማው ግን "ወተት አልቋል፣ ሂዱ" የሚል የሻጯ ድምፅ ብቻ ነው።

ተመርቆ አዲስ አበባ ገባ፣ አያንቱን አገባ፣ ዲቪ ደርሶት አትላንታ መጣ። አንድ ቀን ሻትሉ ውስጥ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ባሏን ሻንጣ ስለረሳ በሩሲያኛ ስትሰድበው ሰማ። መስታወቱን ቀና ብሎ ሲያይ ሉዳ ናት። መኪናውን ኤርፖርቱ መንገድ ላይ አቁሞ ወረደ፤ ከኋላው ክላክስ ሲንጫጫ ሦስቱ መንገድ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። እነሱም በዲቪ መጥተው ማሪዬታ ገብተው ነበር። ታራስ ኤሲ ይጠግናል፣ ሉዳ ላውንደሪ ቤት ልብስ ታጥባለች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሁለቱ ቤተሰብ አንድ ሆነ።

አሁን ግን ዘገየ ማሪዬታ ደርሶ ከቤቱ ፊት ፓርክ ሲያደርግ፣ ሣሩ ሁሉ በጫማ ተሸፍኗል። አዲስ የወታደር ከስክስ ጫማ ነው፤ ገና ማሰሪያው እንኳ ያልተፈታ። አንዳንዱ ዝናብ ሞልቶበት እንደ ኩባያ ቆሟል፤ አንዱ የጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥሏል። ታራስ ያን ግዙፍ ገላውን ጎንበስ አድርጎ አንድ በአንድ እየለቀመ ካርቶን ውስጥ ይከታል፤ ካርቶኑ በስብሶ ከሥሩ ይዘረግፈዋል።

"እብድ ናት" አለ ታራስ ቀና ብሎ። "ቤተ ክርስቲያናችን ምሥራቅ ለዘመቱት የዩክሬን ልጆች ያሰባሰበው ነው። በሸራ ጫማ ነው የሚዋጉት!"

"ለየትኞቹ ልጆች?" አለች ሉዳ ከደጁ። ጸጉሯ ረጥቦ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። "እናቴ ላይ መድፍ ለሚተኩሱት ልጆች ነው? ንገረው እንጂ ለዤኒያ!"

ዘገየ ሁለቱንም ገፋ ገፋ አድርጎ ወደ ቤት አስገባቸው። ኩሽናው ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጣቸውና እሱ ግን ቆመ።

"በእኛ አገር" አለ፣ "ሽማግሌ ሲገባ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ሉዳ፣ አንቺ ጀምሪ።"

"እናቴ ምድር ቤት ነው የምትተኛው። ድንች መካከል። በዚያ ዕድሜዋ። ስደውልላት ድምፁ ይሰማኛል፤ ዱም! ይላል፣ ከዚያ 'ምንም አይደለም ልጄ፣ ነጎድጓድ ነው' ትለኛለች። እኔ ስልኩን ዘግቼ ጋራዥ ስገባ ይኼ ሰውዬ ጫማ ይቆጥራል።"

"ታራስ?"

"እኔ ነኝ ጦር ያዘመትኩት?" አለ ታራስ፤ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። "ከድንበር ማዶ፣ ከሩሲያ፣ ታንክ የላከው ማነው? እኛ ቤታችንን ነው የምንጠብቀው። አብረን አይደል እንዴ የመረጥነው? ዤኒያ ምስክሬ ነው፣ ልጅ ይዞልን ውጭ ቆሞ ነበር!"

"መርጫለሁ!" አለች ሉዳ። "ሥጋችንና ስኳራችን ሞስኮ መሄዱ ቢቀር ለልጄ ወተት አገኛለሁ ብዬ ነው የመረጥኩት። እናቴን በገዛ ኩሽናዋ ባዕድ አድርጉልኝ ብዬ አልመረጥኩም።"

"ማን ባዕድ አላት?"

"አንተ! ትናንት በስልክ ለወንድምህ 'እነዚያ ሰዎች' ስትል ሰማሁህ። እነዚያ ሰዎች ማለት እናቴ ናት ታራስ። ሠርጋችን ላይ ዝይ አርዳ ያበላችህ!"

ዘገየ ከመስኮቱ ወደ ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ መስኮቱ ተመላለሰ። የሚያስታርቅ ቃል ፈለገ። አባቱ በሽምግልና የታወቀ ሰው ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ምን ይል እንደነበር ለማስታወስ ሞከረ፤ ሊመጣለት ያልቻለው አባቱ ስለ በሬና ስለ ድንበር መሬት እንጂ ስለዚህ ዓይነቱ ነገር ሲያስታርቅ ስላላየ ነው።

"ተዉት በቃ" አለ በመጨረሻ። "ጦርነቱ እዚያ ነው ያለው። እናንተ እዚህ ናችሁ። ስለሱ አታውሩ። ዜናውን ዝጉና እንደ ድሮው ኑሩ።"

ሉዳ ቀስ ብላ ዞራ አየችው።

"እንደ አንተና እንደ አያንቱ?"

"ምን?"

"ስለ ኦብሳ ለማን የምታወራ ይመስልሃል ዤኒያ? ለእኔ ነው። በየቀኑ ትደውልልኛለች። እኔም በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ እሷም በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ እኔ ስለ እናቴ፣ እሷ ስለ ልጁ እያወራን እንላቀሳለን።"

ዘገየ መመላለሱን አቆመ።

"ለምን ለባልሽ አትነግሪውም አልኳት። 'ብነግረውና "ማን ውጣ አለው" ቢለኝስ?' አለችኝ። 'ይህን ከአፉ ከሰማሁ በኋላ አብሬው መኖር አልችልም። ስለዚህ ባይሰማ ይሻላል' አለች።"

ዘገየን የመታው ሚስቱ ለሌላ ሰው መናገሯ አልነበረም። ያ ቃል፣ "ማን ውጣ አለው" የሚለው፣ ያን ቀን ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ ቆሞ ለቅሶዋን ሲሰማ መጀመሪያ በልቡ ያለፈው ቃል ስለነበረ ነው። ማንም አልሰማውም ብሎ ነበር። እሷ ግን በተዘጋ በር ሰምታዋለች።

ቁልፉን አንስቶ ወጣ። ታራስ ተከተለው፤ ዝናብ ላይ ቆሞ እንደ ልጅ አየው። "ምን ላድርግ ዤኒያ?"

"እኔ አላውቅም። ጫማውን ግን ዛሬ ከዚህ ቤት አውጣው። ለቤተ ክርስቲያንህ መልስ፣ የፈለግከውን አድርግ፤ እሷ ባለችበት ጣራ ሥር ግን አይደር።"

ወደ ቤት ሊሄድ ነበር የተነሳው። ሁለት ሰማንያ አምስት በሚባለው፣ ከተማውን በሚዞረው መንገድ ላይ ገባና መውጫውን አለፈው። ሳያይ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። መንገዱ እንደሆነ ክብ ነው፤ ብትነዳ ብትነዳ አያልቅልህም። ኤርፖርቱን አለፈ፣ ምዕራቡን ዞረ፣ ማሪዬታ የሚወስደውን መገንጠያ መልሶ አገኘው። ከመኪናው ቢወርድ እግሩ መሬት የሚያገኝ አልመስል አለው። ያ የኻርኮቭ ዓመት ነበር ፊቱ ላይ የመጣበት፤ ትራስ ይዞ የሚወጣ ሰው ጀርባ። አያንቱ ጠዋት ዣንጥላዋን ይዛ ስትወጣ ያየው ጀርባ ያው እንደሆነ ታወቀው። ቤት ሄጄ ወንበር እየቀያየርኩ ልጠብቃት ነው? ብሎ ራሱን ጠየቀና መሪውን ወደ ክላርክስተን አዞረ።

የአያንቱ ቤተ ክርስቲያን ከጎማ ቤት አጠገብ ያለ የተከራዩት አዳራሽ ነው። ዘገየ ኦርቶዶክስ ስለሆነ ደጅ ድረስ አድርሷት ያውቃል እንጂ ገብቶ አያውቅም። ሲገባ አምልኮው አልቆ ለተገደሉትና ለታሰሩት ልጆች ጸሎት ይደረግ ነበር። ፊት ለፊት የወጣቶች ፎቶግራፍ ተደርድሯል። ከኋላ የነበሩት ሰዎች ዞረው አዩት፤ ማን እንደሆነ የሚያውቁት ለማያውቁት አንሾካሾኩ። አንድ ሽማግሌ ግን ተነስተው "ይግቡ፣ ይግቡ፣ ቦታ አለ" አሉት። ሄዶ አያንቱ አጠገብ ተቀመጠ።

"ምን ልትሠራ መጣህ?" አለችው በሹክሹክታ።

"ስለ ኦብሳ ልሰማ።"

ፊቷን ወደ ጸሎቱ መለሰች። የሚባለው ሁሉ በኦሮምኛ ነበር። ይህን ያህል ዘመን አብሯት ኖሮ የሚያውቀው ሰላምታና የምግብ ስም ብቻ ነው፤ ከጸሎቱ የለየው የልጁን ስም ነበር። እስኪያልቅ ድረስ ከወንበሩ አልተነሳም።

መኪና ውስጥ ገብተው በሩን ሲዘጉ አያንቱ ፊት ለፊቷን እያየች ነገረችው። ኦብሳ ጓደኛው ከሰልፉ ሳይመለስ ሲቀርበት ሊፈልገው ከዶርም ወጣ። መንገድ ላይ ያዙት። በሰደፍ ጆሮ ግንዱን መቱት። ወንድሟ ምግብ እየቋጠረ ከእስር ቤት እስር ቤት ይዞራል፤ "እዚህ የለም" ይሉታል።

"ግን አያንቱ" አለ ዘገየ፣ "ሰልፉ ላይ…"

እዚያው ላይ ምላሱን ያዘ፤ ግን አምልጦታል። አያንቱ በሩን ከፍታ ወረደች። ዝናቡ ውስጥ ዣንጥላ ሳትዘረጋ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ትሄዳለች። ወርዶ ተከተላት።

"አትከተለኝ!"

"አልከተልም። አብሬሽ ነው የምሄደው።"

"የት?"

"የምትሄጂበት።"

ዝናቡ ሲብስ ጎማ ቤቱ ታዛ ሥር ቆመች። እሱም ራቅ ብሎ ቆመ። ሁለቱም እንደ በሰበሰ ጨርቅ ይንጠባጠባሉ።

"ያልጠየቅኩሽ ስለማልወደው አይደለም" አለ። "ውስጤ አንድ ክፉ ቃል አለ። እንዳይወጣኝ ፈርቼ ነው።"

"አውቀዋለሁ።"

"ሉዳ ነገረችኝ።"

"እንግዲያው በለው። በለውና እንየው።"

ዘገየ ጎማዎቹን አየ፣ መንገዱን አየ። "ማን ውጣ አለው" አለ፣ ድምፁ የራሱ አልመስለው እያለ።

"ማንም" አለች አያንቱ። "ማንም ውጣ አላለውም። ጓደኛው ስለቀረበት ነው። አንተስ ብትሆን አትወጣም ነበር?" ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ሊይዛት እጁን ሲዘረጋ ክንዱን በቡጢ መታችው፤ ደግማ መታችው፤ ከዚያ እዚያው ክንዱ ላይ ግንባሯን ጣለች። "ይኸው ከአፍህ ወጣ" አለች። "አሁን ምን ላድርግህ? ቤቴ ውሰደኝ፣ ረጥቤያለሁ።"

ይቅር አለችው ማለት አይደለም። ከዚያን ቀን በኋላ ግን መኝታ ቤት ያለው ቴሌቪዥን ተዘጋና ሁለቱም ሳሎን ተቀምጠው ይጨቃጨቁ ጀመር። ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ እሷ "አታቋርጠኝ" ትላለች፣ እሱ ብድግ ብሎ ደጅ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባና ካቆመበት ይቀጥላል። ሚካኤላ አንድ ጊዜ ልትጠይቃቸው መጥታ ጩኸቱን ከደጅ ስትሰማ "ኦ ማይ ጋድ፣ ልትፋቱ ነው?" አለች።

"ገና እየተነጋገርን ነው፣ አትረብሺን" አለቻት እናቷ።

የማሪዬታዎቹ እንዲህ አልሆነላቸውም። ታራስ ጫማውን ያንኑ ዕለት አወጣው፤ ሉዳ ግን የአሜሪካ በጋ ሊያልቅ ሲል እናቷን ከጦርነቱ ላወጣ ብላ ወደ ዩክሬን ሄደች። አሮጊቷ "ከቤቴ ሬሳዬ ነው የሚወጣው" አሉ። ሉዳም ትታቸው መምጣት አልሆነላትም፤ እዚያው ድንቹ መካከል ሁለተኛ አልጋ ዘረጋች። አልተፋቱም፣ አብረውም አይኖሩም። ታራስ እሁድ እሁድ ለዘገየ እየደወለ "ደወለችልህ?" ይለዋል። ዘገየ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ከሳሎን ጓሮ፣ ከጓሮ ሳሎን ይመላለሳል። የሚዜነት ነገር እዚህ ላይ ምን እንደሚያዝ አያውቅም፤ ስልኩን ግን ሳያነሳ ቀርቶ አያውቅም።

መስቀል ካለፈ በኋላ ኦብሳ ተፈታ። አያንቱ ስልኩን ይዛ እየሳቀችም እያለቀሰችም በኦሮምኛ ስትጮህ ዘገየ ቆሞ ይጠብቃል። ለልጁ የሚለውን ነገር ለብዙ ሌሊት ሲያዘጋጅ ከርሟል። ስልኩን ስታቀብለው ግን ሁሉም ከአእምሮው በነነ።

"ኦብሳ" አለ፣ "ጆሮህ እንዴት ነው?"

"ቀኙ አይሰማም ጋሼ" አለ ልጁ ከሩቅ። "በግራው አድርጌዋለሁ። እርስዎን እየሰማሁ ነው፣ ይበሉ።"

ዘገየ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "እሺ" አለው፤ "ከየት እንጀምር?"